የእሽቅድምድም ሞተሬና የቀኝ እጄ አንጓ

መንጃ ፈቃድ ባወጣችሁ ማግስት ያንን ጎንበስ ተብሎ የሚነዳ ጉልበተኛ የስፖርት ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አረፍ በሉና ስሙኝ። ልቆጣችሁ አይደለም። እኔ ራሴ ሲቆጡኝ የማልሰማ ሰው ስለሆንኩ ቁጣ እንደማይሠራ አውቃለሁ። የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

ሙሉ እባላለሁ። የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፣ ከእናቴና መምህር ከሆነው ታላቅ ወንድሜ ከጌታሰው ጋር። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። ሴት ልጅ ይህን ትሠራለች ሲባል የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። ገበሬው «ላሜ ኮርማ ፈልጋለች» ብሎ ይደውላል፣ እኔ በማቀዝቀዣ ዕቃ የተቀመጠውን የምርጥ ኮርማ ዘር ይዤ እሄዳለሁ። ግራ እጄ ረጅም ጓንት ለብሶ ከውስጥ መንገዱን ይዳስሳል፤ ቀኝ እጄ ደግሞ ዘሩ ያለበትን ቀጭን ዘንግ ይዞ በማሕፀኗ ጠባብ በር ያሳልፋል። የቀኝ እጁ ሥራ ጉልበት አይፈልግም፤ ዘንጉ የት እንደደረሰ በጣትና በአንጓ መስማትን ነው የሚፈልገው። አንጓዬ ከደነደነ እንጀራዬ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ላም ኮርማ የምትፈልገው ለአጭር ጊዜ ነው። ጠዋት ጀምሯት ከሆነ በማግስቱ ያልፍላታል፤ ካለፈላት ደግሞ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ሰሞን የመሥሪያ ቤታችን ሞተር ተበላሽቶ መለዋወጫ ጠፋና በባጃጅና በእግሬ እያዘገምኩ ስደርስ «አይ ልጄ፣ አለፈላት እኮ» መባል አንገበገበኝ። በዚህ መሀል አንድ ነጋዴ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ቀይ የስፖርት ሞተሩን እንደሚሸጥ ሰማሁ። ጊዜም አላጠፋሁ፤ ገዛሁት። ፈጣን ሞተር ማለት ቶሎ መድረስ ማለት መስሎኝ ነዋ!

ጌታሰው ሞተሩን ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ አየው። «አንቺ፣ ይኼ እኮ ለሰፊ አስፋልት የተሠራ ነው። አንቺ የተማርሽው በዚያች በማሠልጠኛዋ ትንሽ ሞተር ነው» አለኝ።

«መንጃ ፈቃዴ ላይ ትንሽ ሞተር ብቻ ትንዳ የሚል አልተጻፈም» አልኩት።

«ጭንቅላትሽ ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነበር» ብሎኝ ገባ።

እውነቱን ለመናገር ሞተሩ ገና ስቀመጥበት ነግሮኝ ነበር። መቀመጫው ከፍ፣ መያዣው ዝቅ ያለ ስለሆነ ደረቴን ወደ ፊት አስደፍቶ የሰውነቴን ክብደት ሁሉ አንጓዬ ላይ ጣለው። እግሬ መሬት የሚነካው በጣቴ ጫፍ ነው። ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ገና ሳስበው ይነሳል። የተማርኩባት ትንሿ ሞተር ስሳሳት ጠፍታ ትቆም ነበር፣ እንደ ታጋሽ በቅሎ። ይኼ ግን ለስሕተት ጊዜ አይሰጥም።

የወደቅሁት ጥቅምት ላይ ነው። አያ ታደገ የሚባሉ፣ ከጋፋት ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ደውለውልኝ ስበር፣ ወደ መንደራቸው መገንጠያ ላይ ክረምቱ የቦረቦረው ጠጠራማ ቦታ አለ። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ለመውጣት ነዳጅ ሰጠሁት። ሞተሩ ወደ ፊት ሲወረወር ሰውነቴ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሰውነቴ ወደ ኋላ ሲቀር እጄ መያዣውን ሳበ፤ መያዣው ሲሳብ ነዳጁ ጨመረ። ጀማሪን የሚጥለው ይኸው ነው። የለመደ ሰው በደነገጠ ጊዜ እጁን ያላላል፣ ጀማሪ ግን አጥብቆ ይይዛል፤ አጥብቆ በያዘ ቁጥር ሞተሩ ይብስበታል። እኔን አሽቀንጥሮ ጥሎኝ ብቻውን ሄዶ አጥር ውስጥ ገባ። ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ ነው መሬት የመታሁት። ሄልሜቴ ድንጋዩን ሲመታ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እሱ ባይኖር ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

አያ ታደገ ኩታቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። «ኧረ በማርያም! ኧረ በማርያም! ተርፈሻል ልጄ?» አሉኝ። አገላብጠው አዩኝና ደም እንደሌለ ሲያረጋግጡ አጥሩ ውስጥ ወደሚያጓራው ሞተር ዞሩ።

«እኔስ ላሜ ናት ኮርማ የፈለገች ብዬ ነበር፤ ለካ የሱ ይብሳል!»

እያመመኝ ሳቅሁ። ከዚያም፣ እልከኛ አይደለሁ፣ ገብቼ ላሚቱን አዳቀልኳት። አንጓዬ ግን ከአውራ ጣቴ ሥር ይጠዘጥዘኝ ነበር።

በዚያው ቀን አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መብራት ያዘና «አጥንትሽ ደኅና ነው፤ ወለምታ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። እናቴ በበኩሏ ወጌሻ ጠራችልኝ፤ እሳቸውም በቅቤ አሽተው፣ ጎትተው፣ በጨርቅ አሰሩኝ። ለሁለት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ። እብጠቱ ሲጎድል ጨርቁን ፈትቼ ጥዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። በኛ አገር ሰው እጁ ሲቆሽሽ ወይም ሲረጥብ ሰላምታ ሲቀርብለት ምን ያደርጋል? እጁን አይነሳም፤ መዳፉን እጥፍ አድርጎ አንጓውን ይሰጣል። ሰላም ባዩም አንጓውን ጨብጦ ይነቀንቃል። የኔ እጅ ደግሞ መቼ ነው ንጹሕ የሚሆነው? ቀኑን ሙሉ አንጓዬን ስሰጥ ነው የምውለው። የደጋ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የአያ ታደገ ባለቤት እትዬ የሺ አንጓዬን ግጥም አድርገው ይይዙና «እንዴት ዋልሽ? ደኅና ነሽ? እናትሽ ደኅና? ወንድምሽ ደኅና? አገሩ ሰላም?» ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ንቅናቄ። እኔም በጨዋ ደንብ እየተነቀነቅሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አንድ ቀን «እናትሽ ደኅና?» ላይ ሲደርሱ ዓይኔ ጨለመብኝና በረት አጥር ላይ ተደገፍኩ።

«ምነው ልጄ፣ እናትሽ አመማት እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው።

ሕመሙ በዚህ ዓይነት ሲብስ፣ ያዳቀልኳቸው ላሞች ደግሞ አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። «ተመለሰች» ማለት በኛ ሥራ አልያዘላትም፣ እንደገና ኮርማ ፈለገች ማለት ነው። የአያ ታደገም ተመለሰች። ዘንጉን ስይዝ ጣቶቼ የሚነግሩኝን ሕመሙ ይሸፍንብኝ ነበር፤ የት እንደደረስኩ ሳላውቅ ነበር የምሠራው። ይህ ሲገባኝ ፈራሁ። ማታ ተኝቼ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ለማንሳት እሞክራለሁ፣ ይወጋኛል፣ እተወዋለሁ፣ እንደገና እሞክራለሁ። ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ እሷም አልተኛችም ነበር፣ በትንፋሿ አውቃታለሁ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ አውጥቼ ከአጥንት ክፍሉ በር ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሕመሙን ለጎረቤቱ ያወራል፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲገባ የሚነግረውን እዚያው የሚለማመድ ይመስላል። አንድ ሽማግሌ እጄን እንደታቀፍኩ አይተው ተራቸውን ለቀቁልኝ። «ግቢ ልጄ፤ የኔ ጉልበት ስንት ዘመን የቆየ ነው፣ ለዛሬ አይቸኩልም» አሉኝ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ከአውራ ጣቴ ሥር፣ ጣቱ ሲነሳ የምትታየውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቷ ጫፍ ተጫን አደረገቻት። ጮኽኩ። እንደገና በሌላ አቅጣጫ ራጅ አስነሳችኝና አሳየችኝ። አንጓ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን አጥንቶች አንዷ፣ ከባቄላ ብዙም የማትበልጥ፣ መሀል ለመሀል ተሰንጥቃለች። «ይህች አጥንት መጀመሪያ ላይ ስትሰነጠቅ በራጅ ላትታይ ትችላለች» አለችኝ። «ደም የሚደርሳት በአብዛኛው በአንድ ጫፏ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላ ነው የምትጋጠመው፤ ካልተጋጠመች ደግሞ ግማሿ ይሞትና አንጓሽ ይደነድናል።» ቀጥላም «ግን ስንጥቁ ሰፍቷል። ማን ነው ሲያንቀሳቅሰው የከረመው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰላምታ» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየችኝ። ሳስረዳት ግን አልሳቀችም፤ እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ገባት። እስከ አውራ ጣቴ ድረስ በጄሶ አሸገችኝና «ውሃ እንዳይነካው፤ ሰውም እንዳይነካው» አለችኝ።

ውሃው ቀላል ነበር። ሰውን ግን ምን ላድርገው? ጄሶውንም ጨብጦ የሚነቀንቅ አለ እኮ! ሲብስብኝ እጄን ወደ ኋላዬ ደብቄ፣ ግራ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ማለት ጀመርኩ። ይኸውላችሁ ወሬው፦ «ሙሉ ቀይ ሞተር ከገዛች ወዲህ ኮራች፣ ሰላምታ ነሳችን።» ጄሶዬን እያዩ! ከእጄ ሕመም ይልቅ ይህ አቃጠለኝ። ገበያ ላይ አንዷን አስቁሜ «እትዬ፣ ተሰብሬ ነው እንጂ ኮርቼ አይደለም» አልኳት። «እሱማ አይተናል፤ ግራሽስ ተሰብሯል?» አለችኝ። ግራ እጅ መስጠትማ ከኩራትም የባሰ ስድብ ነው፤ ምን ልበላት!

እናቴ ደግሞ ወንዛዬ ካልሄድን አለች። ፍል ውሃው ያልፈታው ሕመም የለም ባይ ናት። ጌታሰው «ውሃ እንዳይነካው ተብላለች እኮ» ሲላት «አንተ ዝም በል፣ አጥንት በራጅ አይድንም» አለችው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። እኔ ለእናቴ ብዬ ሄድኩ፣ ለጄሶውም ብዬ በላስቲክ ጠቀለልኩት።

ሴቶቹ የሚነከሩበት ቦታ ገብቼ እስከ አንገቴ ተነከርኩ፤ ቀኝ እጄን ግን ተማሪ መምህሩን እንደሚጠይቅ ወደ ላይ ቀስሬ ያዝኩት። ሴቶቹ ሳቁብኝ። «ንከሪው እንጂ!» አለች እናቴ። «አልነክረውም።» «የመጣነው ለሱ አይደል?» «እማ፣ አልኩሽ፣ አልነክረውም!» እናቴ እዚያው ውሃው ውስጥ እንባዋ መጣ። እኔም አላዘንኩም አልልም፤ ግን አልነከርኩትም። ክንዴ ዝሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጠገቤ የነበሩ ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ የይፋግ ነጋዴ መጥተው ክርኔን በመዳፋቸው ደገፉልኝ። «አንቺ ተነከሪ፣ እኔ እይዝልሻለሁ» አሉኝ። እስክወጣ ድረስ ያዙልኝ። እናቴንም «እናቲቱ፣ ሐኪምም ከአላህ ነው፤ ልጅሽን አታስጨንቂያት» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ስለ መንከር አንስታ አታውቅም።

ጄሶው ሲፈታ ግን አጥንቷ አልተጋጠመችም ነበር። ሐኪሟ ባሕር ዳር ላከችኝ፤ ሁለቱን ግማሾች የምታያይዝ ትንሽ ብሎን በቀዶ ሕክምና መግባት አለባት ተባለ። ለወጪው ሞተሩን ከመሸጥ ሌላ መላ አልነበረም።

ገዥም ወዲያው ተገኘ። ዳዊት ይባላል፣ አዲስ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አዲስ ጃኬት፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ጌታሰው ከኋላው ሆኖ በዓይኑ «ጨርሺው» ይለኛል።

«ከዚህ በፊት ምን ነድተሃል?» አልኩት።

«ማሠልጠኛው ውስጥ ያለችውን። ይኼ ለጀማሪ ይከብዳል እንዴ? እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«እኔም ቀስ ብዬ ነበር» አልኩት። «እስቲ ውጣበት።»

ወጣበት። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁለት። እጁን መያዣው ላይ አድርጎ ደስ ብሎት ጎንበስ አለ። ከጀርባው ዞርኩና ባለ በሌለ ድምፄ «ላም! ላም መጣብህ!» ብዬ ጮኽኩ።

እጁ ክርችም አለ። ሞተሩ ግቢውን እያናወጠ አጓራ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፤ እናቴ ከቤት ውስጥ «ኢየሱስ ክርስቶስ!» አለች። ዳዊት መያዣውን መልቀቅ አቅቶት ሞተሩ ይበልጥ ጮኸ። ጌታሰው ነው ሮጦ ያጠፋው።

«አየኸው?» አልኩት። «እጅህ ሲደነግጥ ይጨብጣል። ይህን ልማድ የምትተወው ትንሽ ሞተር ላይ ከርመህ ነው። ትንሿ ስትሳሳት ትቆምልሃለች፤ ይኼ ስትሳሳት ይዞህ ይሄዳል።»

ዳዊት ወረደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «እሺ፣ ላስብበት» ብሎ ሄደ። ጌታሰው ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሞተሩ ላይ ተደግፎ «ሌላ ገዥ እንፈልጋለን» አለ። እኔም ይህችን ከአፉ ስሰማ እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

የተገኘው በአንድ የወረታ ከተማ መካኒክ በኩል የመጣ ጎልማሳ ነው። ስለ ፍጥነት አንድም ቃል አልጠየቀም። ፍሬኑን ነካካ፣ ጎማውን አየ፣ ጓንቱን አጠለቀ። አስነስቶ ሲወጣ ትከሻው ላላ፣ አንጓውም ላላ ያለ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ሳይንገጫገጭ አጎንብሶ ሲዞር ቆሜ አየሁትና ቂሜ ወጣልኝ። ሞተሩ ክፉ አልነበረም። ከእኔ ጋር የተገናኘው ያለ ጊዜው ነው።

ባሕር ዳር እጄ ብቻ ደንዝዞ ብሎኗ ገባች። ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንጓዬ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኖ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የሚሉት፣ የደነደነውን መገጣጠሚያ በእንቅስቃሴ የማላላት ሕክምና ነው፤ ባለሙያው ያሳየኝን ቤት ውስጥ በየቀኑ መሥራት ነበረብኝ። ጠባሳው ደርቆ ውሃ ሲፈቀድልኝ ለብ ያለውን ውሃ በየጠዋቱ የምታቀርብልኝ እናቴ ናት። «ይኸው፣ ወንዛዬ ቤትሽ መጣልሽ» ትለኛለች። አጥፌ ዘርግቼ፣ አጥፌ ዘርግቼ፣ አንዳንዴ እያለቀስኩ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፤ ጤፍ ውስጥ የተደበቀ ምስር በጣቴ እፈልጋለሁ። ጣቶቼ ሲመለሱልኝ ሥጋ ቤት ሄጄ የታረደች ላም ማሕፀን ለመንኩና ዘንጌን በውስጡ ማሳለፍ ተለማመድኩ። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ «ከቤቴ ውጪ!» ብላ ጓሮ አባረረችኝ። ብዙ ጊዜ ሳትኩ። አንድ ቀን ግን ዘንጉ እያንዳንዷን እጥፋት ሲያልፍ ለጣቴ ነገረው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ነገረኝ።

በዚህ መሀል የመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተር ተጠገነ፤ ለኔ የምትበቃ ትንሽ የገጠር ሞተር ናት። ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ የመጀመሪያው ደዋይ አያ ታደገ ሆኑ። ጠጠሩን በዝግታ አለፍኩት፤ ስደርስ ላሚቱ ገና እየጮኸች ነበር። እትዬ የሺ እጃቸውን ዘርግተው መጡና ትዝ ሲላቸው መልሰው ሳቡት። ሠራሁ። የተሠራ መሰለኝ። ግን ማወቂያው ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ ካልያዘላት ገበሬው ይደውላል። ካልያዘላት ደግሞ እጄ አልዳነም ማለት ነበር፣ ለኔ እንደዚያ ነበር ነገሩ።

ቀኑ ሲደርስ ስልኬን በመጥፎ ዓይን እያየሁ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል ጮኸ። አያ ታደገ ናቸው።

«ተመለሰች እንዴ አያ ታደገ?»

«ምን ትመለሳለች! ዝም ብላለች። ትናንትም አየኋት፣ ዛሬም አየኋት፣ ሳሯን ትበላለች። ስታስቢ እንዳትውዪ ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ።»

እናቴ «ማን ሞተ?» እያለች ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ እንደዚያ ነበር ያለቀስኩት።